ለቅሶ ሲከለከል



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድ መንግሥት ለሞተ ሰው እንዳይለቀስ የሚከለክለው ምን ፈርቶ ነው?

በአገራችን ልማድ ሞት የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። መርዶ በወግ ይነገራል፤ አልቃሽ የሟቹን ዘር፣ አገርና ሥራ በሙሾ ትቆጥራለች፤ በዛሬው የከተማ ቀብር ደግሞ የሕይወት ታሪኩ ለሕዝብ ይነበባል። ሙሾውም ንባቡም ስለ ሟቹ የሚሰጡ የመጀመሪያ የአደባባይ ምስክርነቶች ናቸው። ንጉሥ ሲሞት ነጋሪት ተጎስሞ «የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ» ተብሎ ይታወጅ የነበረውም ሐዘኑንና የሥልጣኑን ቀጣይነት በአንድ ቃል ለማሰር ነው።

ይህ ወግ የተቋረጠባቸውን ሁለት ሞቶች እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተደበቀ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ዘውድ አልጫኑም፤ መኳንንቱም ሁከት እንዳይነሣ ሰጉ። አድዋ የዘመተው ሕዝብ በዚያ ጊዜ ንጉሡን በወጉ አላለቀሰላቸውም። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው የበዓታን መካነ መቃብር ያሠሩት ቆይተው ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሲሞቱ ደርግ ዜናውን ተናገረ፤ አስከሬኑንና የአሟሟታቸውን እውነት ግን ደበቀ። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

በዚያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። አጠገቤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚያለቅሱ አንዲት እናት የሚጠሩት የልጃቸውን ስም ነበር። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገድሏል፤ አስከሬኑን አላገኙም፤ ድንኳን ጥለው ለቅሶ እንዳይቀመጡም ተከልክለዋል። «ልጄ፣ የሚለቀስበት ቦታ ያገኘሁት ዛሬ ነው» አሉኝ።

ለጥያቄዬ መልሱ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። ለቅሶ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና የአሟሟቱን ምክንያት በጎረቤት ፊት ያስጠራል፤ ገዳይ ካለም ገዳዩን ያስጠይቃል። ስለዚህ ለቅሶን የከለከለ ምስክርን ከልክሏል። የተከለከለው ለቅሶም ሃያ ሦስት ዓመት በአንዲት እናት ደረት ውስጥ ተይዞ ይቆይና በሌላ ሰው ቀብር ላይ ይወጣል።

ለነገሥታቱ ዘግይቶም ቢሆን መቃብር ተሠርቶላቸዋል፤ ታሪካቸውም ተጽፏል። የዚያ ወጣት የሕይወት ታሪክ ግን ያለው በእናቱ አንደበት ብቻ ነበር። ተማሪዎቼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ቤተ መዛግብቱ ነገም ይከፈታል፤ የዚያ ዘመን እናቶች ግን በየዓመቱ እያለፉ ነው።