በሲሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የዕለት ርቀትን በካርታ ስለ ማቀድ

በሲሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚደረግ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓትና በከፍታ ልዩነት ነው። የቀናቱ ብዛት አስቀድሞ መታወቁ ለወጪም ይጠቅማል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ምዝገባ ሲፈጸም የስካውት፣ የበቅሎና የባለበቅሎ ሒሳብ የሚታሰበው በቀን ነው። ጉዞው ከደባርቅ ርቆ የሚያበቃ ከሆነ እነርሱ የሚመለሱባቸው ቀናትም ይታሰባሉ።

ለዕቅዱ የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ያሳተመው የ1:100,000 ካርታ ወይም የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ያዘጋጃቸው የ1:50,000 ካርታዎች ያገለግላሉ። በመጀመሪያው 1 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ ቀጭን ክር በመንገዱ ላይ አጣጥፎ መዘርጋትና ክሩን መለካት ይሻላል። ቀጥሎ የከፍታ መስመሮቹ ተቆጥረው የዕለቱ አቀበት ይደመራል። ቁልቁለት ከአቀበት አይቀነስም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ይይዛል። በሲሜን ይህ ስሌት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የሚወስደው ቀን ይህን በግልጽ ያሳያል። ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ፣ አምቢቆ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሁለቱን ነጥቦች ብቻ ያየ ሰው ቀኑን የቁልቁለት ቀን አድርጎ ይገምታል። መንገዱ ግን መጀመሪያ 4,200 ሜትር አካባቢ ወዳለው የቧሂት መተላለፊያ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ እንደገናም ወደ አምቢቆ ያቀናል። አቀበቱ በድምሩ 1,000 ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሌቱ 6 ሰዓት ይሰጣል፤ በተግባር ግን ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይወስዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀጭኑ አየር፣ ከዕረፍትና ጉልበትን ከሚፈትነው ረጅም ቁልቁለት ነው።

ሌሎቹ ቀናት ቀለል ይላሉ። ከሳንቃበር ግጭ ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ ከግጭ በእመት ጎጎ በኩል ጨነቅ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያስኬዳል። ከአምቢቆ ራስ ዳሸን ደርሶ መልስ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ስለሚፈጅ ከሌላ ጉዞ ጋር በአንድ ቀን አይደረብም።

የማደሪያ ከፍታም ቀኑን ይወስናል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። ስለዚህ ከ2,100 ሜትር አካባቢ ካለችው ጎንደር ተነሥቶ በዚያው ቀን 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃበር ከማደር፣ አንድ ሌሊት በደባርቅ ማሳለፍ ይመረጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ተጓዥ ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ ምልክቱ ከባሰበት ሳይዘገይ መውረድ ይኖርበታል። ለዚህም አንድ ትርፍ ቀን በዕቅዱ መያዝ ይገባል።

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። የ9 ሰዓት ጉዞ ያለበት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ካልተጀመረ በጨለማ የመጠናቀቅ ዕድል አለው። በክረምት ደግሞ ጭቃና ጭጋግ ሰዓቱን ያራዝማሉ።

በቆዩ ካርታዎች ላይ የሚታየው የግጭ መንደር ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ስለ ተዛወሩ ዛሬ ስንቅ የሚገኝበት ቦታ አይደለም። የተዘጋጀው ዕቅድ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ለስካውቱና ለባለበቅሎው ይታያል፤ የወንዙን መሙላትና የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።