ፋይዳና የግል መረጃ፦ ስጋቱ ከካርዱ ነው ወይስ ከቁጥሩ?

ፋይዳ የተሰኘው ዲጂታል መታወቂያ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በዘለቀ ቁጥር «ካርዱ ውስጥ ቺፕ ተቀብሯል፤ ባለቤቱ የሚሄድበትን ይጠቁማል» የሚል ስጋትም አብሮ ይሰማል። የፋይዳ ካርድ ግን ቺፕ የለውም። በላዩ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ጥቁርና ነጭ ምልክት ኪውአር ኮድ ሲሆን፣ እንደማንኛውም የታተመ ጽሑፍ ሰው ካላነበበው በራሱ የሚያስተላልፈው ነገር የለም።

ቺፕ ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በ2017 ዓ.ም. መስጠት የጀመረው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው። ጉዳዩ ከደቡብ ወሎ ለሥራ ወደ ዓረብ አገራት የሚጓዙ ወጣቶችን ይመለከታል። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ቺፕ ባትሪ የለውም፤ የሚነበበውም ማንበቢያው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ሲጠጋው ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ዓባይ በረሃ የወረደን ሰው በእርሱ መከታተል አይቻልም።

ሊታሰብበት የሚገባው ከካርዱ ይልቅ በመረጃ ቋት የሚቀመጠው ነው። ፋይዳ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ ይመዘግባል፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ምስልም ይወስዳል። (ዶማና ማረሻ ያደበዘዘው የገበሬ አሻራ አልነበብ ሲል የዓይኑ ምስል ይረዳል።) በቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ይሰፍር የነበረውን ብሔር ግን አይጠይቅም፤ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በሌላ በኩል የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም።

ለደጋው አርሶ አደር ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ ስልክ ነው። የባለቤቱን ማንነት ለማረጋገጥ የሚላክ የአንድ ጊዜ የምስጢር ቁጥር የሚደርሰው በምዝገባ ወቅት ወደተሰጠው ስልክ ነው። የራሱ ስልክ የሌለው ሰው የጎረቤቱን ወይም የደላላን ቁጥር ካስመዘገበ የምስጢሩ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። የመሬት ደብተሩን ለማያውቀው ሰው የማያስቀምጥ ገበሬ ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥርም እንዲሁ ሊጠብቀው ይገባል። ለዕለት አገልግሎት በምትኩ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚረሳ ቅጂም ሊታሰብበት ይገባል።

ፋይዳን ትቶ መኖርም እየከበደ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 የወጣው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የተከተለው በ2016 ዓ.ም. ነው። ጥበቃው ከምዝገባው ቢቀድም ይመረጥ ነበር። ኋለኛው አዋጅ ማንኛውም ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተቱን የማስታረም መብት ይሰጠዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚገኘው ከቦረና ወረዳ እጅግ ርቆ፣ አዲስ አበባ ነው።