የጉና ውሃ፣ የጎትላንድ ገመድ

ጉና ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። ወደ ምዕራብ የወረደው በርብና በጉማራ ጣና ይገባል። በምሥራቅ በጋይንት በኩል የወረደው ደግሞ በበሽሎ አድርጎ፣ የስማዳን ቆላ እየታከከ ዓባይን ይቀላቀላል። ይኸኛው ጉባ ድረስ ወርዶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ከሚሞሉት ውሃዎች አንዱ ነው።

ጣና የገባው ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ኃይሉ ባሕር ዳር ላይ ከአገሪቱ መረብ ይገናኛል። ከዚያ በጎንደርና በመተማ የሚያልፈው 230 ሺህ ቮልት መስመር ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ይደርሳል። ከእስቴ ደጋ የወረደ ውሃ ካርቱም አምፖል አብርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አድማጮች፣ ድንበር ማሻገሩ በየብስ ቀላል ነው። ባሕር ሲመጣ ግን መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ ተቸግረዋል። ኤሲ የሚባለው የተለመደው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ስለሚነጉድ፣ በውሃ ሥር የተቀበረ ረጅም ኬብል በእያንዳንዱ ምልልስ ራሱን ሲሞላና ሲያራግፍ ኃይሉን ይጨርሰዋል። መላው አቅጣጫውን የማይለውጠው ዲሲ ነበር። ኤሲን በከፍተኛ ቮልት ወደ ዲሲ የሚቀይር መሣሪያ ለማግኘት ስዊድናዊው ኡኖ ላም ከ20 ዓመት በላይ ደከመ። በመጨረሻም በፈረንጆቹ 1954 የስዊድን ደሴት ጎትላንድ ባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ 20 ሜጋ ዋት ከዋናው መሬት አገኘች። በ1961 እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚሁ ዘዴ ተያያዙ።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያም ይህንኑ ዘዴ ለየብስ ተጠቀመችበት፤ ረጅም ርቀት ላይ ዲሲ በመንገድ የሚባክነውን ኃይል ይቀንሳልና። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር 500 ሺህ ቮልት ተሸክሞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። 2 ሺህ ሜጋ ዋት መሸከም ሲችል፣ የመጀመሪያው ውል ለ200 ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከእንዲህ ያለው የዲሲ መስመር መካከል ላይ ኃይል መቅዳት አይቻልም፤ መቀየሪያ ጣቢያዎቹ ያሉት በሁለቱ ጫፎች ነው። የመተማውም መስመር ቢሆን ማከፋፈያ ጣቢያ ከሌለ ከሥሩ ላለች መንደር መብራት አይሰጥም። በጉና ዙሪያ ላሉ የገጠር ቀበሌዎችም መብራት የሚያስገባው የሩቁ ትልቅ ሽቦ ሳይሆን ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶውና ቆጣሪው ነው። ለውጭ ሽያጭ የሚውለው መስመር በብድርም በእርዳታም ሲዘረጋ፣ ይህኛው ሥራ ተራውን እየጠበቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ከሚገባው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነው ውሃው ለሚነሣባቸው ወረዳዎች ትራንስፎርመር መግዣ ቢውል ተገቢ ነው።