ዓሹራ፣ ሐዘንና ደረት መድቃት



ሙሐረም 10 ቀን 61 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 680) የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ሑሰይን በከርበላ ተገደሉ። ሺዓዎች ቀኑን ደረት በመድቃት ያስቡታል፤ ከፊሎቹም ጀርባቸውን በሰንሰለት ይገርፋሉ። ትርጉሙ ሐዘን ነው፤ «ያኔ በደረስንላቸው!» የሚል ቁጭትም አለበት። ራስን በስለት ማድማትን ግን በጊዜው የኢራን መሪ የነበሩት ኻሚነኢ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ተቃውመውታል።

እኛ ሱንዮችም ሑሰይንን እንወዳለን። ዓሹራን የምናውቀው ግን ሙሳ (ዐ.ሰ) ከፊርዐውን የዳኑበት የጾም ቀን አድርገን ነው። ታዲያ በሌላው ከመፍረዳችን በፊት ደጎሎ ለቅሶ ስንደርስ የምናየውን እናስብ፦ ደረት ይደቃል፣ ፊት ይነጫል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ጉንጭ መምታትንና ልብስ መቅደድን ግን ከልክለዋል። እንባ ራሕመት ነው፤ ሐዘንተኛ እህታችን ስታለቅስ አንቆጣት፤ እጇን ግን በርኅራኄ እንያዝላት።

አላህ ሶብሩን ይስጠን።