«ረካ»፣ «ሩካ»፣ «ራካ»፦ አንዲት ሆሄ ያስነሳችው ሙግት

ሚያዝያ 27 ለእኛ የአርበኞች የድል ቀን ነው። ለሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ለስኮፕዬ ሰው ደግሞ የቋንቋ በዓል ነው። አገሪቱ ከ2019 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሜይ 5ን የመቄዶንያ ቋንቋ ቀን አድርጋ ታከብራለች። ምክንያቱም በ1945 በዚያች ዕለት፣ አዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱን መመለስ አራተኛ ዓመት ስታስብ፣ 31 ሆሄያት ያሉት የመቄዶንያ ፊደል በመንግሥት ውሳኔ ጸድቋል። ከዚያ ፊደል ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ሰው ገጣሚና የቋንቋ ሊቅ ነበር፤ ብላዤ ኮኔስኪ ይባላል።

ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። መቄዶንያ ለዘመናት በኦቶማን ቱርኮች ሥር ኖራ በ1913 ለሰርቢያ፣ ለግሪክና ለቡልጋሪያ ተከፋፈለች። ሰርቢያ የሕዝቡን ንግግር «የእኔ ቀበልኛ ነው» ስትል፣ ቡልጋሪያም «የለም፣ የእኔ ነው» አለች። ክርስቴ ሚሲርኮቭ የተባለ ምሁር በ1903 ሶፊያ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡ የራሱ የጽሑፍ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው፣ መሠረቱም የማዕከላዊው አካባቢ ንግግር መሆን እንዳለበት ጻፈ። ሰሚ ግን አላገኘም። ኦገስት 2 ቀን 1944 በፕሮሆር ፕቺንስኪ ገዳም የተሰበሰቡት የፀረ ፋሺስት ታጋዮች መቄዶንኛን የመንግሥት ቋንቋ ብለው አወጁ። ቋንቋው ታወጀ እንጂ የተወሰነ ፊደልም ሰዋስውም አልነበረውም።

ኮኔስኪ በዲሴምበር 1921 በፕሪሌፕ አጠገብ በምትገኘው ኔብሬጎቮ መንደር ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሰርቢያ ውስጥ በክራጉዬቫትስ ተማረ። ከዚያም ቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ወደ ሶፊያ ተሻገረ። እንግዲህ ይህ ልጅ «እጅ» የሚለውን ቃል በሦስት አፍ ያውቀዋል። በቡልጋሪያዋ ሶፊያ «ረካ» ይሉታል፤ በሰርቢያዋ ቤልግሬድ «ሩካ»፤ በፕሪሌፕ፣ በእናቱ ቤት፣ «ራካ» ነው። የሦስቱ ልዩነት አንድ አናባቢ ብቻ ነው። ሙግቱም የተነሳው በዚያችው አናባቢ ነው።

በ1944 የኖቬምበር ወር መጨረሻ፣ ነፃ ከወጣች ሁለት ሳምንት ያህል በሆናት ስኮፕዬ፣ የመጀመሪያው የቋንቋና የፊደል ኮሚሽን ተቀመጠ። ኮኔስኪ ገና 22 ዓመቱ ነው። በዕድሜ የሚበልጡት መምህራንና በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ገጣሚ ቬንኮ ማርኮቭስኪ ከኮሚሽኑ አባላት መካከል ናቸው። አባላቱ የተጋጩት፣ ቡልጋሮች «ረካ» ሲሉ በሚያሰሙት፣ በእኛ የግዕዝ ድምፅ ማለትም በ«በ» እና በ«ለ» አናባቢ አካባቢ በሚውለው ድምፅ ላይ ነበር። መቄዶኖች «ጨለማው አናባቢ» ይሉታል። ማርኮቭስኪና ደጋፊዎቹ ድምፁ በብዙ ወረዳዎች ስለሚሰማ ሆሄ ይገባዋል አሉ። ኮኔስኪ ግን የጽሑፍ ቋንቋው መሠረት የሚሆነው የማዕከላዊው ንግግር ይህ ድምፅ ከሌለው ሆሄው ለምን ያስፈልጋል ሲል ተከራከረ። አብዛኛው ድምፅ በተቃራኒው ወገን ሆነ። ወጣቱም ስብሰባውን ጥሎ ወጣ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የኮሚሽኑ ሐሳብ በባለሥልጣናቱ ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ፤ በ1945 ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በመጨረሻም ሆሄው ከፊደሉ ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለቱ ወገኖች በሁለት መንገድ ይተርኩታል። በቡልጋሪያ በኩል የሚነገረው፣ ጉዳዩ ከቤልግሬድ የተጎነጎነ እንደሆነ፣ ኮኔስኪም በሰርቢያ ትምህርት ቤት ያደገ በመሆኑ ፊደሉን ሰርብኛ አስመሰለው የሚል ነው። ለማስረጃም ከሰርቦች ፊደል ጋር የሚጋሩትን ሆሄያት ይቆጥራሉ። በስኮፕዬ በኩል ግን የመንደሩን ንግግር ወደ ወረቀት ያመጣ ሰው ነው።

ፖለቲካ በዚያ ጉባኤ እጁን አላስገባም ማለት አይቻልም። ሆኖም ቃሉ ራሱ ይመስክር። ሰርብኛ ማስመሰል ቢፈልግ ኖሮ «ሩካ» ይል ነበር፤ የጻፈው ግን «ራካ» ነው።  በ31ዱ ውስጥ ከሰርቦችም ከቡልጋሮችም ፊደል የሌሉ ሦስት ሆሄያት አሉ። የተባረረውም ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬ አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርዩን በቀበልኛ ሲያናግር፣ ከቱርክ የመጣውንና ዕድል ማለት የሆነውን ቃል ሲጽፍ፣ በዚያ አናባቢ ቦታ አንዲት ጭረት ያኖርለታል። ሆሄው ቢቀርም ለአፉ ቦታ ተትቶለታል።

የቀረው ዘመኑ የሥራ ዘመን ነው። በ1950 ከክሩም ቶሼቭ ጋር የአጻጻፍ ሥርዓቱን አወጣ። ሰዋስውን በሁለት ክፍል በ1952 እና በ1954 አሳተመ፤ ከ1961 እስከ 1966 በሦስት ቅጽ የወጣውን መዝገበ ቃላት በአርታኢነት መራ፤ የቋንቋውን ታሪክ በ1965 ጻፈ። የስኮፕዬ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር፣ በ1967 የተመሠረተው የሳይንስና ጥበባት አካዳሚም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1981 የስትሩጋ የግጥም ፌስቲቫል የወርቅ አክሊሉን ሰጠው። በዲሴምበር 1993 አረፈ። የዩኒቨርሲቲው የፊሎሎጂ ፋኩልቲ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ገጣሚው ግን ከሊቁ አልተለየም። በ1955 ባወጣው የግጥም መድበል የርእሱ ግጥም የሚነጋገረው ከአንዲት ጥልፍ ጠላፊ ጋር ነው፤ ቀይና ጥቁር ክር ይዛ ሸማ ላይ ካጎነበሰች ሴት። ሰዋስው የሚያጠናው ሰው ግጥም እንዴት እንደሚሠራ ሊጠይቅ የሄደው ወደ መርፌ ሠራተኛዋ ነው። ያለ ጌጥ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ይወድ ነበርና። ያን «ራካ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ በዐይኑ የምትመጣው የእሷ እጅ ትመስለኛለች።

ሙግቱም እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በኖቬምበር 2020 ቡልጋሪያ የሰሜን መቄዶንያን የአውሮፓ ኅብረት ድርድር አገደች፤ ከምክንያቶቿ አንዱ ይኸው ቋንቋ ነበር። በጁላይ 2022 ድርድሩ ሲከፈት መቄዶንኛ በገዛ ስሙ በኅብረቱ ሰነድ ላይ ሰፈረ፤ ቡልጋሪያም አልቀበልም ማለቷን አልተወችም። እኛ ሚያዝያ 27ን የምናከብረው አገር በክንድ ስለተመለሰ ነው። እነሱም በዚያው ቀን የሚያከብሩት፣ የገዛ እጃቸውን እናታቸው በምትጠራበት ስም መጻፍ ስለቻሉ ነው። ሁለቱም ነፃነት ነው።