የአሮጌ ልብስ ዋጋ

አሮጌ ልብስ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይገዛል፤ ጨርቁንና ጨርቁ ከባለቤቱ እጅ የወጣበትን ምክንያት። ጨርቁ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ምክንያቱ ግን ካልጠየቁት አይናገርም።

ለዚህ ሩቋ ጃፓን ጥሩ ምስክር ትሆነናለች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አስነብበውናል። የዚያች አገር የባህል ልብስ ኪሞኖ ይባላል። ጠባብና ረጅም ጥቅል ጨርቅ በቀጥታ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ሲቆሽሽም ስፌቱ ተፈቶ ታጥቦ እንደገና ይሰፋል። ስለዚህ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። አለባበሱም ሕግ አለው። ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል፤ ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው። ነጠላ መዘቅዘቅ የምን ምልክት እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አሮጌ ኪሞኖ ዛሬ በኪዮቶ ከተማ፣ በቶጂ ቤተ መቅደስ፣ በየወሩ በ21ኛው ቀን በሚቆመው ገበያ እንደ ልብ ይገኛል። ጎብኚውም በደስታ ይሸምታል። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ በሽንፈት ሲያበቃ ግን ኪሞኖ የሚሸጠው በሌላ ምክንያት ነበር። በከተሞች ምግብ ጠፋ፤ የራሽኑ እህል አልበቃ አለ። የቶኪዮ እናቶች ኪሞኗቸውን ጠቅልለው በተጨናነቀ ባቡር ወደ ገጠር እየወጡ ከገበሬው በሩዝና በስኳር ድንች ለወጡት። ያን ኑሮ «የቀርከሃ ቡቃያ ኑሮ» አሉት። ቡቃያው ሊበላ ልባሱ አንድ በአንድ እንደሚላጥ፣ እነርሱም ልብሳቸውን አንድ በአንድ እየገፈፉ በሉ።

ወሎ ይህን ያውቀዋል። ልዩነቱ መንገዱ መገልበጡ ነው። በጃፓን ከተሜው ወደ ገበሬው ሄደ፤ በ1965 ዓ.ም. ግን የወሎ ገበሬ ራሱ ተርቦ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳሉት ከተሞች ወረደ። ከብቱን ሸጠ፤ ቀጥሎም የቤት ዕቃውን፣ ጌጡንና ልብሱን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን ዋጋው ወደቀ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረና ሰው ያለቀው መግዣ አጥቶ መሆኑን አሳይተዋል። እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበረም ጽፈዋል። በ1977 ዓ.ም. መከራው ተደገመ።

እኔም ወልድያ ገበያ ላይ ደረቱ በእጅ የተጠለፈ አሮጌ ቀሚስ ገዝቻለሁ። ሻጯ አዛውንት ነበሩ።

«እማማ፣ የማን ነበር?» አልኳቸው።

«የእናቴ ነው ልጄ። በሰባ ሰባት ጋኑም ድሪውም ሲሸጥ ይህን እምቢ አለች፤ መገነዣዬ ነው ብላ። ኋላ በሰላም ጊዜ ሞተች፤ በአዲስ ገነዝናት። አሁን ለልጅ ልጇ ደብተር ይሁን። አንቺ ልበሽው።»

ያሉኝን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። በየዓመት በዓሉ እለብሰዋለሁ፤ ጥልፉን አይቶ ለሚጠይቀኝም ታሪኩን እነግራለሁ።

ዛሬ በከተማችን የጥንት ልብስ መልበስ የወግ ምልክት ሆኗል። መልካም ነው፤ ሣጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ሰው ቢለብሰው ይሻላል። ሆኖም ጥሩ ልብስ በድንገት ሲረክስና ሻጩ ሲበዛ፣ አስተዋይ ገዢ «እንዴት ረከሰልኝ?» ብሎ ከመደሰቱ በፊት ሻጮቹ ከየት መንደር እንደመጡ ይጠይቅ። ረሃብ ወደ ከተማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው በልመና አይደለም፤ በገበያው ነው።