ጓዳው ያልገባበት ሚዛን፦ የአዳሪ ቤት ሠራተኞች ሰዓትና የከተማው ቤተሰብ

ስለ ሥራና ስለ ግል ሕይወት ሚዛን የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የቢሮ ሠራተኛውን የሚመለከት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ አታንሳ፣ የዓመት ፈቃድህን አታሳልፍ፣ ምሽቱን ለልጆችህ ስጥ ይላል። ምክሩ መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ምክሩ የሚያልፈው ጥያቄ አለ። የአዲስ አበባው ባለሙያ ከሥራ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፉን ጨርሶ ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀውን እራት ማን ሠራው? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን አመጣቸው? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ አዳሪ የቤት ሠራተኛዋ። በእኔ እምነት የከተማው መካከለኛ ቤተሰብ ያገኘው ሚዛን በአመዛኙ የተገዛው ወሰን በሌለው በእሷ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በሕግ እስካልተወሰነ ድረስ የሚዛን ንግግራችን ጫናውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም።

ሕጉን እንይ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንን ወደ ቁጥር ለውጦታል፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣዋል፤ የዚህን ሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ይተወዋል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። እናም አከራካሪ ጉዳይ ሲነሳ የሚጠቀሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ይናገራል፤ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍት ጊዜውን በሚመለከት አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ሥነ ምግባር እንዲጠብቅ ያዛል። ለዘመኑ በጎ ሐሳብ ነው። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ልኩን የሚያውቀው አሠሪው ብቻ ነው።

የሰዓት ወሰን አለመኖር በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የአንድ ተራ ቀን አካሄድ ይበቃል። ጠዋት የልጆቹ ምሳ ዕቃ ከመሞላቱ በፊት ትነሳለች። እንጀራ መጋገሩ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ልጅ ማድረሱና መመለሱ፣ ቡና ማፍላቱ ቀኑን ይሞላዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንሾካሾክ ተነስታ በርሜሉንና ጀሪካኑን የምትሞላው እሷ ናት፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የግቢ በር ሲንኳኳ የምትከፍተውም እሷው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ምናልባት አንድ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። አሠሪዎች «ቀኑን ሙሉ እኮ አትሠራም» የሚሉት ይህንን ይዘው ነው። የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። መቀመጥና ነጻ መሆን ይለያያሉ። በተቀመጠችበት ሰዓት ከግቢ መውጣት፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ደብተር ይዛ መሄድ አትችልም፤ ሕፃኑ ሊነቃ፣ እንግዳ ሊመጣ ይችላል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ይህንን ለይቶ አይቶታል። ሠራተኛዋ ጊዜዋን እንደፈቀደች ልታዝበት ሳትችል ለቤተሰቡ ጥሪ ዝግጁ ሆና የምትቆይበት ጊዜ፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠር ይጠይቃል። የግል ሕይወት የሚለካው በባዶ ሰዓት ብዛት ሳይሆን ሰዓቱ የማን እንደሆነ በማወቅ ነው። የማታ ትምህርት የጀመሩ ሠራተኞች ይህንን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በሳምንት አምስት ምሽት እንዲወጡ ተስማምተው ሲገቡ፣ ስምምነቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፈረሰ ክፍሉን ሊከታተሉ አይችሉም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከልብ የሚነገር ነው፤ «እንደ ልጃችን ናት፣ በሰዓት ፊርማ የምናስተዳድራት የፋብሪካ ሠራተኛ አይደለችም» ይባላል። በብዙ ቤት ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ አሳምነው የሚያስተምሩ፣ የሚድሩ ቤተሰቦች መኖራቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን የቤቱ ልጅ የፈተና ሰሞን ሥራ ይቀነስላታል፣ ስትታመም ትተኛለች፣ ስታኮርፍ ከቤት አትባረርም። እንደ ልጅ የምትቆጠረው ሠራተኛ ከእነዚህ መካከል በመብት የምትጠይቀው የላትም፤ ያገኘችውም በአሠሪዋ ደግነት ነው። ደግነት ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ከገጠር መጥታ በደላላ እጅ የምትገባ ልጅ የትኛው ቤት እንደሚገጥማት አስቀድማ አታውቅም። የተወሰነ ሰዓት ደግ የሆነውን አሠሪ የሚያስቀርበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኢኮኖሚ ነው፤ ወሰን ከተበጀ ቤተሰቦች ሠራተኛ መቅጠር ይተዋሉ፣ ተጎጂዎቹም ራሳቸው ሴቶቹ ይሆናሉ ይላል። ስጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ግን የሚፈተንበት ማስረጃ አለ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ለቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝና የ45 ሰዓት ሳምንታዊ ወሰን ደነገገች። ታሪን ዲንከልማንና ቪማል ራንቾድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ቁጥጥሩ ደካማ ቢሆንም ደመወዝ በጉልህ እንዳደገ፣ በቅጥር ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ቅነሳ እንዳልታየ አመልክተዋል። የደቡብ አፍሪካ ገበያ የእኛን አይመስልም፤ አብዛኛው ሠራተኛ እዚያ ተመላላሽ መሆኑ ብቻውን ልዩነት ነው። ቢያንስ ግን «ሕግ ይወጣል፣ ሁሉም ይባረራል» የሚለው ድምዳሜ በማስረጃ የተረጋገጠ እንዳልሆነ ያሳያል። የግል ቤት አይፈተሽም የሚለውም እንዲሁ ነው። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ 44 ሰዓት ሳምንታዊ ወሰንና 36 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ደንግጋ፣ ጥሰት ሲጠረጠር ተቆጣጣሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲገባ ፈቅዳለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ የሚነሳውም ከሥራ ላይ ሴቶች ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት የማይከፈልበት የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ላይ እንደተጫነ አሳይቷል። እንግዲህ ሠራተኛዋ ማታ ሥራ ስታቆም ወጥ ቤት የምትገባው ከቢሮ የመጣችው እናት አይደለችምን? ዛሬ ባለው አሠራር፣ አዎ፣ ናት። ግን ምክንያቱን እንመልከት። አዋጅ 1156 ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ሐኪሞች ሕፃኑ ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራሉ፤ ሕጉ እናቱን በሦስተኛው ወር ማብቂያ ወደ ሥራ ይጠራታል። በመካከል ያለውን ሦስት ወር የሚሞላው የቤት ሠራተኛዋ ሌሊትና ቀን ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ የነበረው ይህንን ክፍተት አይቶ ነው። አሠሪው ድርጅት፣ መንግሥትና አባት ያልተሸከሙት ወጪ በሁለት ሴቶች መካከል እንዲከፋፈል ተትቷል፤ የሚያገኙት መፍትሔም ከሁለቱ ደካማዋን የሚጫን ነው። ስለዚህ የቢሮዋ እናትና የጓዳዋ ልጅ ጥቅማቸው ተጻራሪ ነው የሚለውን አልቀበልም። የአባት ፈቃድ ቢረዝም፣ ማቆያ ቢከፈት፣ አባትየው ማታ ወጥ ቤት ቢገባ ሁለቱም ያርፋሉ።

ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱት እህቶቻችን የምናሰማው ቁጭት እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። እንቅልፍ ተነፍገው፣ ያለ ዕረፍት ቀን እንደሚሠሩ በየሚዲያው እንናገራለን፤ ተገቢም ነው። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የቤት ሠራተኛን ቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሳምንታዊ ዕረፍትም እንዲኖር ደንግጋለች፤ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 ወሰኑን 10 ሰዓት አድርጋለች። ሕጎቹ በብዙ ቤት እንደማይከበሩ ተመላሾች ይናገራሉ፤ ሆኖም የተጣሰባት ሴት ቢያንስ የምትጠቅሰው ቁጥር አላት። አዲስ አበባ ላይ ለምትሠራው ልጅም እንዲህ ያለ ቁጥር ያስፈልጋታል። አዋጁ በአደራ የተወው ደንብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመለስ አይጠበቅበትም፤ ከሁለት ነገር ቢጀምር ይበቃል። አንደኛው ማንም የማይቀሰቅስበት፣ ተከታታይ የዘጠኝ ሰዓት የሌሊት ዕረፍት ነው፤ ውሃውም በሩም በሌላ የቤተሰብ አባል ተራ ይያዝ። ሁለተኛው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ቀኑ በቅጥር ውል ላይ በስሙ ተጽፎ፣ እንግዳም ድግስም ቢመጣ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድና ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማይነሳ።